የሰባ አንድ ዋት ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ ሰባት ደቂቃ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። አዋጅ አልታወጀበትም፣ ጉባኤም አልተቀመጠበትም። የወሰነው በየክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ከጡብ የማይበልጥ የብረት ዕቃ ነው። በወረቀት ላይ ሙቀት ማሻገሪያ ይባላል፤ ሰው ግን ቁልል ነው የሚለው። በአንድ ወገን ከመሬት ሆድ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው ወገን የክፍሉን ሙቀት ለቅሞ የመጣ ውሃ ያልፉበታል፤ ሁለቱ ውሃዎች ሳይነካኩ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ደጅ ሃምሳ አንድ ዲግሪ ሲነድ ክፍሉ ሃያ ስድስት ላይ ይቆያል። ይህ ታዲያ ለአንድ ሰው ነው።

ሁለተኛ ሰው ከገባ ቁልሉ ይደክማል። በሰባተኛው ደቂቃ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት ትቀላለች፣ እንግዳው ጫማውን ያጠልቃል። ጨዋታው ደርቷል ብሎ የሚቀመጥ ካለ፣ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ውሃው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እንግዳና ባለቤት አብረው ይቀቀላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ሦስት ጊዜ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የሞከረ የለም። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ! ባልና ሚስት በመስታወት ግድግዳ የሚተያዩ ሁለት ክፍሎች ይሰጣቸዋል። ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል። ሰላምታ ደግሞ ብቻውን ሦስት ደቂቃ ይበላ ስለነበር ቀረ፤ እንደምን አደርሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ የሚባለው ሁሉ ተቆርጦ ተጣለ። ከሁሉም በፊት የጠፋው ግን እንግዳ ዝም ሲል ባለቤት «ተጫወች እንጂ» የሚለው ነገር ነው። ማን ይጫወት? በየትኛው ጊዜ?

ምንትዋብ እነዚህን ቁልሎች የምትሠራ ሴት ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከሳቢያን ሰፈር ወዲያ ባለው ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች፣ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ብቻዋን። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ካለው ክፍሏ ወጥታ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ አርባ ደቂቃ ትሄዳለች። እዚያም ሰው ከሰው አሥር እርምጃ ይራራቃል። የፊተኛውን ሰው ጀርባ ለዓመታት ታውቀዋለች፤ ፊቱን አንድም ቀን አላየችውም።

ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ብረቱን ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይቀርጻል። የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስሉ ስስ ሉሆች፣ የዓሣ አጥንት የመሰለ ሸንተረር ተቀርጾባቸው ይወርዱላታል። እሷ አሥራ አራቱን ትደራርባለች፤ ሸንተረሮቹ እንዲቆራረጡ አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያዞረች፣ በየመካከላቸው ስስ መዳብ እያነጠፈች። ከዚያ ተጨምቆ፣ አየሩ ተመጦ ወደወጣለት እቶን ይገባል፤ መዳቡ ይቀልጥና አሥራ አራቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በማግስቱ ሲወጣ ታንኳኳዋለች።

እሷ ከሥራ ያልተሰናበተችው ለዚህ ማንኳኳት ሲባል ነው። ማሽን የሚያፈስ ቁልል ያውቃል፤ ዛሬ ደህና መስሎ ነገ የሚላቀቀውን ግን አያውቅም። ምንትዋብ በጋብቻ ቀለበቷ አንድ ጊዜ ትመታዋለች። ደህናው አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣታል፣ ያልተያያዘው ያጉረመርማል። ከዚያ ለመዝጋቢው ማሽን «ደህና» ወይም «አልሆነም» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ቃል ይኸው ነው። ባሏ ጌጡ ወሬ የሚወድ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ቀለበቱን ሲያጠልቅላት ለዚህ ይውላል ብሎ አላሰበም።

ማታ ስትመለስ ከመተላለፊያው ማዶ ረምላ አለች። ረምላ ሦስት ዓመት ትበልጣታለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። አንድ ቀን በአንዷ ክፍል፣ አንድ ቀን በሌላዋ፣ ሰባት ሰባት ደቂቃቸውን ይቀመጣሉ። የሚወራውን ቀድመው ይመርጣሉ፤ ረዥም ነገር ከሆነ ለነገ ያሳድሩታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ምንትዋብ አንዳንዴ ተኝታ ስታሰላው፣ ረምላን የምታውቃት በቁርጥራጭ ነው። ልጅነቷ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ሰምታ አታውቅም።

ጥቅምት ላይ የረምላ ወንድም ኢድሪስ ጅግጅጋ ውስጥ ሞተ። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ አባትም እናትም የሆናት እሱ ነው። ለቅሶ ደራሹ በመተላለፊያው ውስጥ አሥር አሥር እርምጃ ተራርቆ ቆመ። አንዱ ገብቶ ሰባት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከወጣ በኋላ ክፍሉ እስኪበርድ ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይገባል። እስከ ሦስተኛው ቀን ተራ ያላገኘ በግድግዳ ላይ መልእክት ይልካል። ምንትዋብ ተራ ያገኘችው በሁለተኛው ቀን ነው። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ረምላ የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ምንም አላለችም። ከዚያ ድንገት ጀመረች።

«የደቻቱ ወንዝ ደመና ሳይታይ የሞላ ቀን» አለች፣ «ኢድሪስ አንገቱ ላይ አስቀምጦኝ ውሃው ውስጥ ገባ። ስድስት ዓመቴ ነው። ፀጉሩን በሁለት እጄ ይዣለሁ። መሃል ስንደርስ...»

መብራቷ ቀላች። ረምላ አፏን እንደከፈተች ቀና ብላ መብራቷን አየችና ዘጋችው። ሌላ ሰው ቆሟል፣ ሂጂ አለቻት፣ በደህና ድምፅ፤ እንደ ለመደ ሰው። ምንትዋብ ጫማዋን ሳታጠልቅ በእጇ ይዛ ወጣች። ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቁልል፣ የራሷን የእጅ ሥራ፣ ሰደበችው። ስድቡን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

በሳምንቱ ኢንጂነር ናሆም ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ደወለ። ፊቱ የፋብሪካው ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ሁልጊዜ አንቱ እያለ ነው የሚያናግራት። መዳብ እየጠፋ ስለሆነ ቁልሉን ከአሥራ አራት ሉህ ወደ አሥራ ሁለት ማውረድ ታስቧል አላት። ጉብኝቱ ወደ አራት ደቂቃ ይወርዳል፤ ሰው ግን ይለምደዋል። ለዚህ አንድ ጤነኛ ሠራተኛ በመለኪያው ክፍል ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ከገላው የሚወጣው ሙቀት እንደገና መለካት አለበት። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው አነስ ያለ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ ደግሞ መጀመሪያ የተለኩትም እርስዎ ስለነበሩ፣ ወጥነት እንዲኖረው እርስዎን መርጠናል አላት።

ምንትዋብ ከብዙዎቹ አንዷ ነበርኩ እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለሁም አለችው። አሥራ ሁለት ሰው ነው የተለካው፤ በየተራ ሲገቡ በዓይኗ አይታለች።

ናሆም መዝገቡን አገላብጦ አየ። «አሥራ አንዱ ተጥሏል» አለ። «ይነቃነቁ ነበር፣ ያወሩ ነበር፣ አንዱ እንዲያውም ይዘፍን ነበር ይላል። መስመራቸው ወጣ ገባ ስለሆነ አላመኑትም። የእርስዎ ብቻ ነው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ የወጣው። ሰባ አንድ ዋት። የአገሩ ቁልል ሁሉ በእሱ ነው የተሠራው።»

ናሆም አልሰሙኝም ይሆናል ብሎ ቁጥሩን ደገመላት።

ያን ቀን ታስታውሰዋለች እንጂ! ጌጡን ሐዲድ ላይ ሙቀት ጥሎት፣ ከተቀበረ አራተኛው ቀን ነበር። ያኔ ሰፈሩ ቀኑን የሚያሳልፈው በአንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ለቅሶውም እዚያ ሆነ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከበባት፣ እዝን አቀረበላት፣ እሷ ግን አልቀመሰችም፣ አላለቀሰችምም። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። አለቃዋ በምን እንደሚያጽናናት ቢጨንቀው፣ እንግዲያው ዝም ብለሽ የምትቀመጪበት ሥራ ልስጥሽ ብሎ ወደ መለኪያው ክፍል አስገባት። ስምንት ሰዓት ግድግዳውን አየች። አልበላችም፣ አልተናገረችም፣ እጇን እንኳ ከጭኗ ላይ አላነሳችም። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጧት፤ «ጤነኛ፣ በዕረፍት ላይ» ይላል። ፈረመች።

የእሷ ጥፋት ይህች ፊርማ ናት። የእነሱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ማመናቸው። መሐንዲስ ቀጥ ያለ መስመር ሲያይ ልቡ ይረጋል፤ ሕያው ሰው ያን ያህል ቀጥ ብሎ ምን ሆኖ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ሆነና ከተማው በሙሉ ባሏ በሞተ በአራተኛው ቀን ልክ ተሠፍቶለት ተቀመጠ። የሚዘፍን ሰው ክፍሉ ይሞቅበታል፣ ስለዚህ መዝፈን ተወ። የሚቆጣ ይሞቅበታል፣ ቁጣውን ዋጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዉ ሳያውቀው እሷን ሲመስል ኖረ።

በዚያን ሳምንት ሥራዋ ተበላሸ። ቀለበቷን ቁልሉ ላይ ታሳርፍና ድምፁን ሳትሰማው ታልፋለች። ስታስበው ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንደ ድሮዋ ዝም ብላ ከተቀመጠች አሥራ ሁለት ሉህ ይሆናል፣ ረምላ ያንን ወንዝ መቼም አትሻገርም። ዝም ካላለች ደግሞ ሉሁ ይበዛል። ሉሁ ከበዛ መዳቡ አይበቃም፣ ክፍል ያንሳል፤ ከሽንሌ በኩል ሙቀት ያፈናቀላቸው ሰዎች በድሮው አዳራሽ ታጭቀው ክፍል ይጠብቃሉ፣ ጥበቃቸው በወራት ይረዝማል። ይህን አስባ አዘነች። አንድ ጊዜ በመተላለፊያው ስታልፍ ከአዳራሹ የአየር መውጫ የሰው ጫጫታና ሳቅ ሰምታ ቆማ ነበር። ከኋላዋ የሚመጣው ሰው አሥር እርምጃው ጠቦበት ጉሮሮውን እስኪያጸዳ ድረስ ቆማ አዳመጠች።

በቀጠሮው ቀን ጨጨብሳዋን በቅቤና በማር አድርጋ ጥግብ ብላ በላች። ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያው ክፍል ገባች። አንድ ወንበር፣ አራት ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት። ደንቡ አጭር ነው፤ ከወንበር መነሳት የለም፣ የቀረው ሁሉ እንደ ቤት ነው። ማውራት አልተከለከለም። የሚያወራ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ልታወራ አሰበች፤ ቃል አጣች። ምን ዓይነት ነገር ነው! አፏን ከፈተች፤ የመጣላት «ደህና» ብቻ ነው። «አልሆነም» አለች ቀጥላ፣ ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ተንኳኩቶ ተመለሰ። ቁጥሩ ስድሳ ስምንት ይላል፤ ከያኔውም ያነሰ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ላቧ ሳይሆን ፍርሃቷ ነው የመጣው። ማውራት እንደ እግር ነው፤ ካልሄዱበት ይሰንፋል። ማንም ጆሮ በሌለበት፣ ለማንም፣ ምን ተብሎ ይጀመራል? ምንትዋብ በዚያ ወንበር ላይ የዓለም የመጨረሻዋ ሰው የሆነች መሰላት። ከዚህ ሰዓት የከፋ ሰዓት በሕይወቷ አልነበረም፤ ያ አራተኛው ቀን እንኳ አይብስም፣ ያኔ ምንም አይሰማትም ነበርና።

በመጨረሻ የተረፋት ነገር ሰላምታ ሆነ። ጊዜ ይበላል ተብሎ የተጣለው ያ ሰላምታ።

«ጌጡ» አለች፣ «እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ ወይ? ጤናህስ? ጀርባህስ ተሻለህ? አገሩ እንዴት ነው፣ ሰዉ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ እንኳን አይባልም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሽኑ መዝግቦታል። አንድ ጊዜ ከተከፈተ አልዘጋ አላት። ረምላን ነገረችው፤ ፋብሪካውን፣ ጉልበቷን፣ ፊቱን ያላየችውን የመተላለፊያ ሰውዬ ነገረችው። ከዚያ ተቆጣችው። ያን ቀን ሐዲድ ላይ አትውጣ ብዬህ ነበር፣ አልወጣም ብለኸኝ ነበር፣ ለባቡር ስትል ጥለኸኝ ሄድክ አለችው፤ ወንበሩን በእጇ እየደበደበች። ቁጥሩ ዘጠናን አለፈ። ከቁጣው ሥር ያ ሳይለቀስ የቀረው ለቅሶ ወጣ፤ ደረቷን እየመታች፣ ድምፅ እያወጣች፣ ስሙን እየጠራች፣ ሃያ ስድስት ዓመት አሳልፋ አለቀሰችለት። መቶ ሠላሳ። ሲደክማት አረፈች። ሲወጣላት ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ ሳቋ መጣ፤ ጌጡ ሠርጋቸው ላይ የጨፈረው ትዝ አላት፤ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ትከሻዋን እየሰበቀች፣ እያጨበጨበች፣ የምታውቀውን ዘፈን ሁሉ ዘፈነች። አሥር ሰዓት ሲሆን ድምፅዋ ሰልሎ፣ ቀሚሷ በላብ ርሶ ነበር።

የስምንቱ ሰዓት አማካይ መቶ አራት ዋት ወጣ።

ናሆም መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ አየው። ከዚያ ታመው ነበር እንዴ ብሎ ጠየቃት፤ ከሆነ ነገ መድገም ይቻላል።

«የታመምኩት ያኔ ነው» አለችው። «ባሌን በቀበርኩ በአራተኛው ቀኔ ነው ያስቀመጡኝ። እህል አልቀመስኩም ነበር። ጤነኛ ነኝ ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። የዛሬው ነው እውነቱ።»

እሱም በእንደዚህ ያለ ክፍል ውስጥ ተወልዶ፣ እንደ ግማሽ ሰው ተቆጥሮ ያደገ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ቀን ከእናቱ ክፍል እንዳወጡት አንድ ጊዜ ነግሯታል። አሁን እሱን አላነሳም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ደንቡ ወጣ ገባ መስመርን ጣሉት ይላል፤ የሚጥለውም የማይጥለውም እሱ ነው። ጣቱ መዝገቡ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እንደ ቤታቸው ነው የተቀመጡት ብዬ ልጻፍ?» አለ በመጨረሻ።

«እንደ ቤቷ ነው ብለህ ጻፍ።»

ጻፈው። ከዚያ ጠርቷት አያውቅም፤ በማስታወቂያ ብቻ ሉሁ ሃያ አንድ መሆኑ ተነገረ። ምክንያቱ አልተገለጸም። አዳራሽ ውስጥ የሚጠብቁት ስድስት ወር ተጨመረባቸው፤ ምንትዋብ ይህን የሚናገረውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ከእቶን የወጡት በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሰው ባለበት ክፍል መሞከር ስላለባቸው አንዱን ለራሷ መተላለፊያ ጠየቀች፣ ፈቀዱላት። በቀለበቷ ስትመታው የአሥራ አራቱን ድምፅ የለመደ ጆሮዋ ግራ ተጋባ፤ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሚቆይ ድምፅ ነበረው። ሁለቴ ሦስቴ መታችው፣ ከዚያ «ደህና» አለች። በረምላ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ራሷ ገጠመችው። በሙከራው መሠረት ሁለት ሰው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያችው መብራት ናት።

ማታ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እንደ ልማዳቸው ቶሎ ቶሎ አወሩ፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ውሃው ጣዕም። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ምንትዋብ ሳታስበው ጫማዋን ጎተተች። ሁለቱም ወደ መብራቷ ቀና አሉ። ሰባት ሆነ። ስምንት ሆነ። አልቀላችም። ያን ጊዜ አፈሩ፤ እውነቴን ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ሃያኛውን የያዙ ጎረቤቶች እንደ አዲስ ሰው ተፋፈሩ። የሚወራ ነገር ጠፋ። የረምላ እጆች ቀሚሷን ያስተካክላሉ፣ መልሰው ያበላሻሉ። ምንትዋብ ወለሉን ታያለች። እንዲህ የመሰለ ጊዜ ምን እንደሚደረግበት ሁለቱም ረስተውታል።

«ተጫወች እንጂ» አለች ረምላ። ቃሉ ከየት እንደመጣላት እሷም አላወቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንቺ ተጫወች» አለቻት ምንትዋብ፣ ጫማዋን ወደ በሩ መልሳ እየገፋች። «መሃል ስትደርሱ ምን ሆነ?»